የሟች ክኒን

ይሉኝታ የሚባለው በሽታ በሐኪም ተመርምሮ አያውቅም እንጂ ቢመረመር ኖሮ ከስኳርና ከደም ግፊት የበለጠ ሰው የፈጀ እርሱ ሆኖ በተገኘ ነበር። ይህን የምለው ሌላውን ለመንቀፍ አይደለም፤ ዋናው በሽተኛ እኔ ነኝ።

ስሜ ገበያው ይባላል። ጎንደር ሳለሁ አስተማሪ ነበርሁ። ኢየሩሳሌም ከገባሁ ወዲህ ደግሞ ጡረታ እስክወጣ ድረስ በአንድ ቁፓት ሖሊም፣ ማለትም በሰፈር ጤና ጣቢያ፣ በሐኪሙና ከኢትዮጵያ በመጣነው በእኛ አይሁድ መካከል ተቀምጬ ዕብራይስጡን በአማርኛ፣ አማርኛውን በዕብራይስጥ ስመልስ ኖርሁ። ልቡን የታመመ ሰው በመጣ ቁጥር ሐኪሙ «የጉልበትና የወገብ ማስታገሻ ክኒን እኔን ሳትጠይቅ እንዳትውጥ» ይል ነበር። ይህን ቃል መቶ ጊዜ ተርጉሜዋለሁ። ለገዛ ወንድሜ ለኤሊያሁም ተርጉሜለታለሁ። ኤሊያሁ የተዘጋ የልብ ሥሩ በሽቦ ተከፍቶለት ከሆስፒታል ከወጣ በኋላ ግን ያንኑ ክኒን ከአባ ፈጠነ እጅ ሲቀበል በዓይኔ አየሁ። ሽማግሌ ማሳፈር ይሆንብኛል ብዬ ዝም አልሁ። ወንድሜ ባለፈው ጥር ሞተ።

አባ ፈጠነ በኢየሩሳሌም በቂርያት መናሔም ሰፈር፣ እኛ በምንኖርባቸው ሕንፃዎች፣ ሐዘን ሲደርስ ከሁሉ ቀድመው የሚመጡ፣ ከሁሉ ኋላ የሚሄዱ የሰባ ስምንት ዓመት ሽማግሌ ናቸው። ሰባቱ የሐዘን ቀን፣ ሺቭዓው፣ ሲያልቅ የቤቱ ሰው የሟቹን ልብስ ለድኃ ይሰጣል። ከልብሱ ጋር በመሳቢያና በማቀዝቀዣ የቀረውን መድኃኒት በፌስታል አድርጎ ለአባ ፈጠነ ያስረክባል። እርሳቸው ዕብራይስጥ ማንበብ ስለማይችሉ ክኒኑን በቀለሙና በቅርጹ ይለዩታል፤ ሞላላው ቢጫ የጉልበት ነው፣ ክቡ ነጭ የራስ ነው፣ እያሉ። ከዚያ በየቤቱ እየዞሩ ለታመመ ያድላሉ። ምንም አይቀበሉም። «ለሟቹ ጽድቅ ይሁን» ብለው ይሰጣሉ፣ ተቀባዩም «ነፍስ ይማር» ብሎ ይውጣል። የወንድሜን ፌስታል ያስረከብኋቸው እኔ ነኝ።

በየካቲት መጨረሻ፣ አንድ ማክሰኞ ረፋድ ላይ፣ ከዓይን ሐኪም ስመለስ ወደ አውቶቡሱ መንገድ ለማሳጠር በኢትዮጵያ ጎዳና በኩል አለፍሁ። ከእኔ ጋር የኤሊያሁ ልጅ ኔታ ነበረች። ኔታ ሠላሳ አንድ ዓመቷ ነው፤ በዩኒቨርሲቲ ቤተ ሙከራ ስለ ደም ሥር ታጠናለች። አባቷ ቤት ውስጥ ከአማርኛ በቀር አላናግርም ብሎ ስላሳደጋት ቋንቋውን ከእኩዮቿ ይልቅ ታውቃለች። አባ ፈጠነን እዚያ ካለው ከኢትዮጵያ ቤተ ክርስቲያን ግቢ በር ትንሽ ወረድ ብሎ ካለው የድንጋይ አጥር ተደግፈው ሲያርፉ አገኘናቸው። ሰማያዊ ፌስታላቸው በእጃቸው ነበር።

ሰላምታው እንደ ወጉ ረዘመ። ኔታን ጉንጭና ጉንጯን ሳሟት፣ አባቷን አንስተው እንባቸው መጣ። ወዴት ነው ብዬ ብጠይቃቸው ወደ ልቅናሽ እንደሆነ ነገሩኝ። ልቅናሽ ክርስቲያን ናት፤ ከግቢው ጀርባ አንዲት ክፍል ተከራይታ ትኖራለች። ደምቢያ ሳሉ የእርሷ ቤትና የእርሳቸው ቤት በአንድ ወንዝ ማዶና ማዶ ነበር። ከአርባ ዓመት በኋላ እዚሁ ጎዳና ላይ ተገናኝተው እንደ እኅትና ወንድም ሆነዋል። ከሦስት ሳምንት በፊት ልቧን ታማ፣ እንደ ወንድሜ ሥሯ በሽቦ ተከፍቶላት ወጥታ ነበር። አሁን ግን ያስቸገራት ጉልበቷ ነው አሉ፤ ጾሙ ገብቷል፣ ቅዳሴው ረዝሟል፣ መቆም አቅቷታል። ስለዚህ ሞላላውን ቢጫ ይዘውላት መጥተዋል። ይህን ብለው ፌስታሉን ከፈት አድርገው አሳዩን።

ኔታ እጇን ሰድዳ አንዱን ፓኮ አወጣችና በላዩ የተለጠፈውን ወረቀት አነበበች። ፊቷ ጠቆረ። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው የአባቷ ስም አልነበረም። ዘሩ ይላል። ዘሩ ወንድሜን አንድ ዓመት ቀድሞ በካንሰር የሞተ ጎረቤታችን ነው። ክኒኑን ለወገቡ ሐኪም አዝዞለት ነበር። ከዘሩ ቤት በአባ ፈጠነ እጅ ወደ ወንድሜ መሳቢያ፣ ከወንድሜ መሳቢያ በእኔ እጅ ወደ አባ ፈጠነ ተመልሶ፣ አሁን ወደ ልቅናሽ እየሄደ ነው።

«አባ ፈጠነ፣ ይህን ለእማማ ልቅናሽ እንዳይሰጡብኝ እለምንዎታለሁ» አለች ኔታ።

«ስለምን ልጄ? እንዳይበላሽ በደረቅ ቦታ ነው ያኖርሁት።»

«አልተበላሸም። ልቧ ታማሚ ስለሆነ ነው።»

«ይህ እኮ የጉልበት እንጂ የልብ አይደለም። ጉልበትና ልብ ምን አገናኛቸው?»

እዚህ ላይ ለራሴ አፈርሁ። ሰውየው የጠየቁት ትክክለኛውን ጥያቄ ነው። እኔ «እንዳትውጥ» የሚለውን መቶ ጊዜ ተርጉሜ «ስለምን» የሚለውን አንድ ጊዜ እንኳ ሐኪሙን ጠይቄ አላውቅም ነበር።

ኔታ አጥሩ ሥር ካለው ድንጋይ ላይ አስቀመጠቻቸውና እርሷ ፊታቸው ቁጢጥ አለች። «በሰውነታችን ውስጥ ኢንዛይም የሚባሉ እጅግ ጥቃቅን ሠራተኞች አሉ» አለቻቸው። «አንዱን ነገር ወስደው ሌላ ነገር ያደርጉታል። ከእነዚህ አንዱ ኮክስ-ሁለት ይባላል። እኔ በቤተ ሙከራ ቀኑን ሙሉ የማጠናው እርሱን ነው። ጉልበት ሲቆስልና ሲያብጥ ይህ ሠራተኛ እዚያ ይበዛና ፕሮስታግላንዲን የሚባል ነገር ያመርታል፤ ሕመሙንና ትኩሳቱን የሚያመጣው እርሱ ነው። ክኒኑ ይህን ሠራተኛ እጁን ያስረዋል። ሕመሙ የሚተወን ለዚያ ነው።»

«እሰየው። ታዲያ ይታሰር።»

«ይኸው ሠራተኛ ግን በደም ሥር ግድግዳ ውስጥም አለ፤ እዚያ ሥራው ሌላ ነው። ከባልደረባው ጋር ሆኖ ሥሩን የሚያላላና ደሙ እንዳይረጋ የሚከለክል ነገር ያወጣል። ያም ከፕሮስታግላንዲን ወገን ነው። ክኒኑ ደግሞ ጉልበት ላይ ያለውንና ልብ አጠገብ ያለውን መርጦ አያስርም፤ የትም ያገኘውን ያስራል።»

አባ ፈጠነ በጣታቸው መሬቱ ላይ ቦይ የመሰለ መስመር አሰመሩ። ኋላ፣ «የውኃ አባት በይው» አሉ። ኔታ ቃሉን ስላላወቀችው ራሳቸው አስረዷት። በአገራችን መስኖ ባለበት ቦይ የሚጠብቅ፣ ደለሉን የሚጠርግ፣ ውኃው ለሁሉ እንዲደርስ የሚያደርግ ሰው የውኃ አባት ይባላል። እኛ በሰው መሬት ላይ ስናርስ የኖርን ብንሆንም የውኃውን አባት እንሰማው ነበር አሉ። «እርሱ የታሰረ ቀን ቦዩ ወዲያው አይደፈንም። ጥቂት ደለል ይገባል፣ ጥቂት ቅጠል ይገባል። ሰፊ ቦይ ይችለዋል፤ ጠባቡ ግን ይዘጋል።»

«እማማ ልቅናሽ ሥሯ ጠባብ ነው» አለች ኔታ።

በዚህ ያበቃ መስሎኝ ነበር። ነገር ግን ሰው ነገሩን ስለገባው ብቻ ልማዱን ቢተው ኖሮ አስተማሪ ሁሉ በወጣትነቱ ጡረታ ይወጣ ነበር። አባ ፈጠነ ፌስታሉን ወደ ደረታቸው አስጠጉና ንግግራቸው ጠንከር አለ።

«ስሚኝ ልጄ። ወደዚህ ስንመጣ ሱዳን በስደተኞች ድንኳን ውስጥ ሳለን የሦስት ዓመት ሴት ልጅ ነበረችኝ። ትኩሳት ያዛት። በአጠገባችን ያለው ሰው በቀሚሱ ጠርዝ ክኒን ሰፍቶ ይዞ ነበር። እግሩ ላይ ወደቅሁ። ለልጆቼ ላስቀምጥ አለኝ። በሦስተኛው ቀን ቀበርኋት። በክረምት ዝናም ድንኳኑን ሲያጥለቀልቀው ያ ክኒን ሟሟና ተጣለ። ለማንም ሳይሆን ተጣለ። ከዚያ ወዲህ መድኃኒት ሲጣል ማየት አልችልም። በየዓመቱ ሄርዝል ተራራ በሱዳን መንገድ ለሞቱት ከቆመው መታሰቢያ ፊት ስቆም፣ እኔ ያ ሰው አልሆንሁም፣ እላታለሁ። አንቺ አሁን ያን ሰው ሁን ነው የምትይኝ።»

ኔታ እጃቸውን ያዘች።

«ያ ሰው በደለዎ» አለች። «መድኃኒቱ ለልጅዎ በሽታ የሚሆን ቢሆን ትድን ነበር ይሆናል። ነገር ግን መድኃኒት እንደ እህል ለራበው ሁሉ አይሆንም። ይህ ክኒን መርዝ ነው አላልሁም። ለአባባ ዘሩ ሐኪሙ ልቡን፣ ኩላሊቱን፣ ሌላውን ክኒኑን አይቶ ነው የሰጠው። እርስዎ ሲሰጡ ግን የሚያዩት ቀለሙን ነው። ልቡን የታመመ ሰው በየቀኑ ደሙ እንዳይረጋ የሚውጣት ትንሽ አስፕሪን አለች፤ ከእነዚህ የጉልበት ክኒኖች የእርሷን ሥራ የሚያሰናክሉ አሉ። ኩላሊት ውስጥም ያው ሠራተኛ አለ፤ እርሱ ሲታሰር ጨውና ውኃ በሰውነት ይቀራል፣ ግፊት ይወጣል። ይህን ሁሉ ቀለሙ አይናገርም።»

«አባትሽ እኮ በዚህ ክኒን ነው ስድስት ወር ወደ ምኩራብ በእግሩ የሄደው። አላጎደልሁበትም።»

ኔታ ፊቷን አዞረች። ሺቭዓው ካለቀ በኋላ ከእናቷ የሰማችው ይህንኑ ነበር። ቀን ከሌት የምታጠናውን ኢንዛይም የሚያስር ክኒን በአባቷ መሳቢያ ስድስት ወር ኖሮ አላወቀችም። ከቀብሩ ወዲህ ስለዚህ ነገር ለአባ ፈጠነ አንዲት ቃል አልተናገረችም። አሁንም ልትናገር እንዳልቻለች አየሁ። መናገር የነበረብኝ እኔ ነኝ።

«አባ ፈጠነ» አልሁ፣ «ኤሊያሁ ያን ክኒን መዋጥ አልነበረበትም። ሐኪሙ ከልክሎት ነበር። የተረጎምሁለት እኔ ነኝ። እርስዎ ሲሰጡት ቆሜ አይቻለሁ።»

ሽማግሌው ቀስ ብለው ወደ እኔ ዞሩ። «አውቀህ ነው ዝም ያልኸው?»

«አውቄ ነው። እርስዎን ማሳፈር ፈርቼ ነው።»

«እኔ ማንበብ አልችልም» አሉ። «እግዜር ቢጠይቀኝ አላወቅሁም እለዋለሁ። አንተ ምን ትለዋለህ?»

በሕይወቴ የተናገሩኝ ክፉ ቃል ብዙ ነው፤ እንደዚህ ያለ እውነተኛ ግን አላስታውስም። አባ ፈጠነ እኔን ትተው ወደ ኔታ ተመለሱና ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ «አባትሽን እኔ ገደልሁት?» ብለው ጠየቋት።

«አላውቅም» አለች። «የአባቴ ልብ ድሮም የታመመ ነበር። ክኒኑን ባይውጥም ሊሞት ይችል ነበር። ክኒኑ ግን አደጋውን አብዝቶበታል። ከዚህ ያነሰ ብልዎ ውሸት ይሆናል፣ ከዚህ የበለጠ ብልዎም ውሸት ይሆናል።»

አባ ፈጠነ ፌስታሉን ለእርሷ ሰጧትና ተነሡ። «ነይ ወደ ልቅናሽ እንሂድ» አሉ። «ባለፈው ሳምንት የሰጠኋት አለ። ዘጠኝ ቀኗ ነው።»

ልቅናሽ ነጭ ነጠላዋን ለብሳ አልጋዋ ጫፍ ላይ ተቀምጣ አገኘናት። እግሮቿ አብጠው ጫማ አልገባ ብሏቸው ነበር። ኔታ ቅልጥሟን በጣቷ ጫን ስታደርገው ጉድጓዱ ሳይሞላ ቆየ። ትንፋሽ ያጥራት እንደሆነ ብትጠይቃት፣ ደረጃ ስወጣ ብቻ ነው አለች። ነገሩን ስናስረዳት ግን ልቅናሽ ከአባ ፈጠነ የባሰች ሆነች። ክኒኑ ከመጣ ወዲህ ሌሊቱን እንቅልፍ እንዳገኘች፣ ቅዳሴውንም እስከ መጨረሻው እንደ ቆመች ተናገረች። «ቁሜ ካላስቀደስሁ ምኑን ጾምሁት?» አለች።

እኔም ኔታም አፋችንን ሳንከፍት መልሱ ከአባ ፈጠነ መጣ። የአንድ ሰዓት ደቀ መዝሙር እንዲህ ሲያስተምር አይቼ አላውቅም። የውኃውን አባት ነገሯት፤ ደለሉን፣ ጠባቡን ቦይ፣ እጁ የታሰረውን ሠራተኛ አንድ ሳይቀር ነገሯት። በመጨረሻም፣ «ተቀምጠሽ ጸልዪ። ፈጣሪ የሚሰማው ጉልበትሽን አይደለም። እኔ አንድ ሰው ቀብሬያለሁ፣ አንቺን አልቀብርም» አሏት። ልቅናሽ የተቀበረው ማን እንደሆነ አልጠየቀችም። ከትራሷ ሥር የቀሩትን ክኒኖች አውጥታ ሰጠቻቸው።

በዚያው ቀን ወደ ጤና ጣቢያው ወሰድናት። ግፊቷ እጅግ ወጥቶ ነበር። ሐኪሟ ክኒኑን አስቆመች፣ ደሟን አስመረመረች፣ ውኃውን የሚያወጣ መድኃኒት አዘዘችላት። ጥቂት ቀን ዘግይታችሁ ቢሆን በአምቡላንስ ትመጣ ነበር አለችን። ለጉልበቷ በልክ የሚወሰድ ፓራሲታሞልና ጉልበት የሚያጠነክር የአካል እንቅስቃሴ ተሰጣት። በሁለት ሳምንት ውስጥ እብጠቱ ጎደለ። ጉልበቷ ግን ዛሬም ያማታል። ይህን መደበቅ አይገባኝም፤ ለውጥ ሁሉ ያለ ዋጋ የሚገኝ አስመስሎ የሚሰብክ ሰው አጭበርባሪ ነው። በወንበር ላይ ተቀምጣ ታስቀድሳለች፤ መቆም ሲያምራት ታለቅሳለች።

በማግስቱ አባ ፈጠነ ቤቴ መጡ። «አንተ መጻፍ ትችላለህ፤ ጻፍ» ብለው ተቀመጡ። ሞላላውን ቢጫ የሰጧቸውን ሰዎች ስም አንድ በአንድ ጠሩልኝ። ማንንም አልረሱም። አሥራ ዘጠኝ ስም ሆነ። ከአሥራ ዘጠኙ አራቱ ሞተዋል። የሞቱትን ልተዋቸው ብዬ ጠየቅሁ።

«ጻፋቸው» አሉኝ። «በምን እንደሞቱ አላውቅም። ግን ጻፋቸው።»

ከዚያ በኋላ ሦስታችን በየቤቱ ዞርን። አባ ፈጠነ ይናገራሉ፣ ኔታ ታስረዳለች፣ እኔ ከሐኪም ቀጠሮ እይዛለሁ። ከአሥራ አምስቱ ሕያዋን አምስቱ ልባቸውን፣ ሦስቱ ኩላሊታቸውን የታመሙ ሆነው ተገኙ። ከስምንቱ አንዳቸውም ለሐኪማቸው አልነገሩም፤ ሐኪሞቻቸውም ግፊቱ ስለምን አልወርድ እንዳለ ግራ ገብቷቸው መድኃኒት ይጨምሩ ነበር።

አሁን በሕንፃዎቻችን ልማዱ ተለውጧል። ሺቭዓ ሲያልቅ ልብሱ እንደ ዱሮው ለድኃ ይሰጣል፤ መድኃኒቱ ግን ወደ መድኃኒት ቤት ሄዶ እንዲወገድ ይደረጋል፤ የሚወስዱትም አባ ፈጠነ ናቸው። አንዲት ሴት፣ ታዲያ ለሟቹ ጽድቅ ምን ቀረለት ብትላቸው፣ በእርሱ ክኒን ሌላ ሰው አለመሞቱ ነው አሏት። የሕመምተኛው ጥቅም ግልጽ ነው፤ ሐኪም የሚያውቀውን ብቻ ይውጣል፣ ያበጠ እግር ይጎድላል፣ ግፊት ይወርዳል። ከዚህ ሁሉ የሚበልጠው ግን ሰዎቻችን «ስለምን?» ማለት መልመዳቸው ነው። እኔም ብሆን በጎ ፈቃደኛ ሆኜ ወደ ማስተርጎሙ ተመልሻለሁ፤ ሐኪሙ ምክንያቱን ሳይነግረኝ አንዲት ቃል አልተረጉምም።

ከአሥራ አምስቱ አንድ ቤት ብቻ ቀርቶ ነበር። ሸዋነሽ ናት፤ የኤሊያሁ ሚስት፣ የኔታ እናት። ለወገቧ ከዚያው ክኒን ወስዳለች፤ ኔታ መዋጡን አስቁማታለች፣ ስለ አባቷ መናገሩን ግን ለአባ ፈጠነ ትታለች። አባ ፈጠነ በየቀኑ «ነገ» እያሉ ሁለት ሳምንት አስተላለፏት። አንድ ዓርብ ከቀትር በኋላ ግን ራሳቸው መጥተው አንኳኩብኝና አብረን ሄድን።

ሸዋነሽ ተቀበለችን፣ ውኃ አመጣችልን። አባ ፈጠነ አልተቀመጡም። ቆመው፣ ምንም ሳያለዝቡ፣ ለባሏ ምን እንደሰጡትና ክኒኑ ለልቡ ምን እንደሆነ ነገሯት። እኔም ማወቄንና ዝም ማለቴን ተናገርሁ። ሸዋነሽ ስንጨርስ ወደ ጓዳ ገባች፤ ብዙ ቆየች። አባ ፈጠነ በሩን እያዩ ጠበቁ። ስትመለስ በእጇ የተጀመረ የክኒን ፓኮ ነበር። በሁለት እጇ ይዛ ሰጠቻቸው።

«ይቅርታውን ዛሬ አልችለውም፣ አባ ፈጠነ» አለች። «ይህን ግን ይውሰዱልኝ።»

አባ ፈጠነ እስከ መሬት ዝቅ ብለው በሁለት እጃቸው ተቀበሉ።